ከፍሬም የወጡ ፊቶች

ሐሙስ ጠዋት ተጠርተን ስንደርስ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ፍሬሞች ግማሽ ያህሉ ባዶ ነበሩ። ከፍሬሞቹ የወጡት መስታወቶች በየመሀላቸው ወረቀት እየገባ ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። አንዱም አልተሰነጠቀም። ብዙ የተዘረፈ ቤት አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሌባ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

«ይሄ ሰውዬ እኔ ቤት መጥቶ በሰረቀ» አልኩ። «ሲወጣ ቤቱን አስተካክሎልኝ ይሄድ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። ጣቢያችን ውስጥ ሁሉም «ቀስ በቀስ» ይለዋል፤ እሱም ያውቃል። ሲራመድ ቀስ፣ ሲናገር ቀስ፣ ሲቆጣ እንኳ ቀስ ነው። እኔ ሾፌሩም ረዳቱም የሆንኩ ሳጅን ነኝ፤ ሲፈጥረኝ ችኩል ስለሆንኩ የሁለታችን አብሮ መመደብ የአለቆቻችን ቀልድ ይመስለኛል። ኢንስፔክተሩ ከመስታወቶቹ አጠገብ በርከክ ብሎ አንዱን ወረቀት በጣቱ ዳሰሰና «የለመደ እጅ ነው» አለ።

ያለንበት ግቢ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ስሙ ረጅም ነው፤ ከተማው ግን አሳጥሮ «ቤቱ» ይለዋል፣ «ቤቱ» ሲባልም ሌላ ቤት የሚመጣበት ሰው የለም። አንድ ሳሙና ሠሪ ነው ያቋቋመው። ፋብሪካውን ለልጆቹ ሳይሆን ለማያውቃቸው ሰዎች አውርሶ ሞተ፤ ልጆቹም አልከሰሱትም። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ያላስተማረው ሰፈር፣ ያላሳከመው መንደር የለም ይባላል። እኔ ይሄን ሁሉ በግማሽ ጆሮዬ ነበር የምሰማው። ዱቄት ሲሰጡ ካሜራ የሚያስከትሉ ለጋሾች ስላየሁ፣ ቤቱንም ከእነሱ ጋር ደምሬ ትቼዋለሁ።

ዳይሬክተሩ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሷል፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየም። ከባንክ ሥራ የመጣ፣ ገና ፀጉሩ ያልሸበተ ሰው ነው።

«ቅዳሜ ስልሳኛ ዓመታችንን እናከብራለን» አለ። «ቤቱ የረዳቸው ሰዎች ያኔ ምን እንደነበሩና ዛሬ የት እንደደረሱ የሚያሳዩ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር። የተወሰዱት የድሮዎቹ ብቻ ናቸው። ፊልሞቹም ከካቢኔያቸው ተወስደዋል።»

«ካቢኔው ተሰብሯል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«በቁልፍ ነው የተከፈተው። ቁልፉ ደግሞ ያለው ዘበኛው ጋ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ በሩን ጥሎ ሄዷል፤ የት እንደሄደ ይናገራል፣ በሩን ለማን ሰጥቶ እንደሄደ ግን አይናገርም። እንዲከሰስልኝ እፈልጋለሁ።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጨካኝ ሆኜ አይደለም ኢንስፔክተር። የሰው አደራ ነው የጠፋብኝ።»

ከልቡ እንደሆነ ያስታውቃል። ያ ነው ነገሩን ከባድ ያደረገው።

ዘበኛውን ጣቢያ ወስደን ስንጠይቀው እንደ ታሳሪ ሰው አላደረገውም። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት፣ ከነሚስቱ በቤቱ ግቢ በር አጠገብ ባለች ክፍል የሚኖር ሽማግሌ ነው። ከተከሰሰ ጡረታውም ክፍሏም ይቀርበታል። እሱ ግን ፈገግታውን መደበቅ አቅቶታል።

«ልጄ ወንድ ወለደችልኝ» አለን ገና ሳንቀመጥ። «ትናንት ማታ። ጩኸቱን ብትሰሙት! እንደናንተ ፖሊስ ነው የሚሆነው።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለ ኢንስፔክተሩ። «አባባ፣ በሩን ለማን ሰጥተው ሄዱ?»

ፈገግታው ጠፋ። «ለሰው።»

«ለየትኛው ሰው?» አልኩ እኔ ጠረጴዛውን መታ አድርጌ።

«ልጄ፣ ጠረጴዛውን አትምታው፤ እሱ ምንም አላደረገህም። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። እሰሩኝ።»

«አባባ፣ ጡረታዎ እኮ ነው የሚቀረው!»

«አውቃለሁ» አለና አንገቱን ደፋ።

ስንወጣ ለአለቃዬ ለኢንስፔክተሩ የራሴን ሐሳብ ነገርኩት። የድሮውን ብቻ መርጦ የሚሰርቅ፣ በድሮው የሚያፍር ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ዛሬ ትልቅ ሰው የሆኑ ሞልተዋል፤ ከሁሉም የምትታወቀው ደግሞ ዳኛዋ ናት። በልጅነቷ ባዶ እግሯን፣ ከእናቷ ጎን ቆማ የተነሳችው ፎቶ ልክ መግቢያው ላይ ነበር የተሰቀለው። ይባስ ብሎ ማክሰኞ ዕለት ለዳይሬክተሩ ደውላ ጮኻበታለች።

ዳኛዋ ከችሎት ወጥታ በቢሮዋ ተቀበለችን። ጥርጣሬዬን ገና ሳልጨርስ ገባት።

«እኔ ነኝ የሰረቅኩት ነው የምትለኝ?» አለችና ሳቀች። «ስማ ሳጅን፣ ባዶ እግሬን ሆኜ ነው የተማርኩት፤ ለልጆቼም በየቀኑ ነው የምነግራቸው፣ ሰልችቷቸዋል። እኔን ይስቀሉኝ። ግን ፎቶው ላይ ያለሁት ብቻዬን አይደለሁም። እናቴ የተቀደደ ቀሚሷን በእጇ ሸፍና ነው የቆመችው። እሷን ማን ጠየቃት? ዛሬ አንድ ወጣት መጥቶ ፎቶ ላንሳዎት ቢላት ለመልበስ ግማሽ ቀን ትፈጃለች። ለዳይሬክተሩም የነገርኩት ይሄንኑ ነው።»

«እሱ ምን አለዎት?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ኩራት ነው እንጂ ምን ነውር አለው አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ አልገባውም።» ትናንት አመሻሽ ላይ የት እንደነበረች ጠየቅናት። ችሎት ላይ ነበረች፤ የጠበቆች ጭቅጭቅ አምሽቶባት ነበር። ምስክሮቿ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ናቸው። እዚያው ምላሴን ዋጥኩ።

መኪና ውስጥ አለቃዬ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ ያይ ነበር። «እናቷን ማን ጠየቃት» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ።

ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቹን ያነሳውን ሽማግሌ ልናይ ሄድን። ይሄ ግዴታ ስለሆነ ነው እንጂ ከዝርዝሬ ገና ድሮ ሰርዤዋለሁ። ቅዳሜ ዕለት ዳይሬክተሩ ሊሸልመው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የመታወቂያ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው አዳራሽ ሊሰቀል፣ ስሙ ሊጠራ ነው። የገዛ ሠርጉን የሚያፈርስ ሙሽራ ደግሞ አላየሁም።

ስቱዲዮው ከሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል በር ፊት ለፊት ነው። ሽማግሌው ከመጋረጃው ኋላ ወጣ፤ ቀጭን፣ ጠባብ ትከሻ፣ ጫማው አቧራ የጠጣ። ወንበር ስቦ አስቀመጠን።

«አዝናለሁ» አለ ስለ ፎቶዎቹ ስንነግረው፣ ሽልማቱን አላነሳም። «ዘበኛውን አሰራችሁት?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ፣ ሊከሰስ ነው» አልኩት።

የያዘው የሌንስ መጥረጊያ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሲያነሳው አለቃዬ እሱን ሳይሆን በመስኮቱ የማዋለጃውን በር ነበር የሚያየው። ሲወጣ «ጥሩ መስኮት አለዎት፣ ጋሼ» ብሎት ወጣ። እኔ ደግሞ ሰውየው እንዲህ ለሰው የሚያዝን መሆኑ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እኔን ብሎ መርማሪ!

ዓርብ ጠዋት የዘበኛውን ሚስት አገኘናት። ከሆስፒታል ተመልሳ የልጅ ልጇን ልብስ በገመድ ላይ እያሰጣች ነበር።

«የሰውየውን ማንነት አልነግራችሁም» አለች ገና ከሩቅ። «ባሌ አስምሎኛል። ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም። ለልጄ የደረሰላት እሱ ነው። እኛማ ምጥ እንደያዛት አልሰማንም፣ የባሏ ስልክ ተዘግቶ ነበር።»

«አይንገሩን እትዬ» አለ አለቃዬ፣ አንድ የጨቅላ ሸሚዝ ከቅርጫቱ አንስቶ እያቀበላት። «ብቻ እንዴት እንደመጣ ይንገሩን።»

«እንዴት እንደመጣማ… ራት ልናቀርብ ስንል በሩ ተንኳኳ። ፊቱን ሳየው ክው አልኩ። ምነው፣ ምን ሆነ? ስለው መልስ የለም። መጀመሪያ ውሃ ስጪኝ አለኝ። ቁጭ ብሎ ጠጣ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ መልሶ አመሰገነኝ። ከዚያ በኋላ ነው ልጅሽ ሆስፒታል ገብታለች፣ ታክሲ በር ላይ ቆሟል፣ ሂሳቡን ሰጥቼዋለሁ፣ ሁለታችሁም ሂዱ፣ በሩን እኔ እጠብቃለሁ ያለን። አሁን እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ? ልቤ ልትወጣ ነበር እኮ!»

አለቃዬ ሸሚዙን እንደያዘ ቀረ። «ሳይጠማው?»

«የጠማው ሰው እንደሱ አይጠጣም።»

ከዚያ ወዲያ ሲራመድ ሳየው፣ ቀስ በቀስ የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ አልገጠመውም። «የውሃውን ነገር የሚያውቀው የቤቱ የድሮ ሰው ነው» ብሎኝ የቤቱን የቀድሞ ጎብኚ ፍለጋ ሄድን። ጎብኚ የሚሉት እርዳታ የጠየቁ ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞረ የሚያይ ሠራተኛ ነው። ይሄኛው ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ሥራ ላይ ቆይቶ ወጥቷል፣ ኩላሊቱ ታሟል። በር ላይ ልጁ፣ አንዲት ሴት፣ ከትናንት ወዲያ ከሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ እንደነበረ ነገረችን።

«እኔን ከጠረጠራችሁ ደሜ ማሽን ውስጥ ነበር» አለ ሽማግሌው ከአልጋው ላይ እየሳቀ። «ያለ ደሜ የትም አልሄድም።»

«ስለ ውሃው ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለ አለቃዬ።

ሽማግሌው ሳቁን አቆመ። ትራሱን አስተካክሎ ቀና አለ።

«ሳሙና ሠሪው ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ደሃ ነበር» አለ። «አንድ ቀን አንድ ባለጠጋ ልብስ ይዞላቸው መጣ። እናቱ ግቡ አለች፣ አልገባም። ውሃ እንኳ ቅመሱልን ብላ ብርጭቆዋን አጥባ አቀረበች። ሰውየው ብርጭቆዋን አየና እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ልብሱን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እናቱ ልብሱን አለበሰችው፣ ግን ያን ቀን ሙሉ አለቀሰች። እሱ ይሄን አልረሳም። ቤቱን ሲያቋቁም ለእኛ የሰጠን ትእዛዝ አንድ ነበር። የሰው ቤት ስትገቡ ምንም ነገር ከመናገራችሁ በፊት ውሃ ለምኑ። ተቀምጣችሁ ጠጡ። መጀመሪያ እነሱ ይስጧችሁ፤ ከዚያ እናንተ ትሰጣላችሁ። ተበዳሪና አበዳሪ ሳይሆን እንግዳና ባለቤት ሆናችሁ ትነጋገራላችሁ ይለን ነበር።»

ሽማግሌው ቀጠለ፤ «ስንት ዓይነት ውሃ ጠጣሁ መሰላችሁ! የቆሸሸ ጠጥቼ ታምሜያለሁ። አንዷ ግን፣ መበለት ናት፣ ብርጭቆ ስላልነበራት ከጎረቤት ተውሳ አመጣችልኝ። እየሮጠች ነበር የመጣችው። ያን ያህል የተከበርኩበት ቀን የለም።» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «የዛሬዎቹ ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ከእኛ ይበልጥ ብዙ ሰው ይደርሳሉ። ግን የታሸገ ውሃቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት።»

ያ በግማሽ ጆሮ የሰማሁት፣ ካሜራ ከሚያስከትሉት ጋር የደመርኩት ቤት ይሄ ነው? ስልሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደጅ እየጠና ውሃ ሲለምን የኖረ ቤት! በራሴ አፈርኩ፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች በዚችው ከተማ ውስጥ ኖረው እኔ አለማወቄ አናደደኝ።

አለቃዬ ግን ገና አልጨረሰም። «እርስዎ እዚያ ሁሉ ቤት ሲሄዱ ብቻዎን ነበሩ?»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«ብቻዬን ሄጄ አላውቅም» አለ። ማን እንደነበረ አልጠየቅነውም።

ፎቶ አንሺው የጠበቀን ይመስል በሩ ክፍት ነበር። ጫማው ላይ ያለው አቧራ ከትናንቱ ብሷል።

«ውሃው ነው አይደል?» አለ ሽማግሌው፣ አለቃዬ ገና አፉን ሳይከፍት። «ከወጣሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። የምሥራች ይዤ ሰው ቤት ስገባ ሳልጠጣ መናገር አልችልም። አንደበቴ ተሳሰረ። ዘበኛውን ፍቱት፤ ምንም አያውቅም። ትናንት መናገር ነበረብኝ፣ ግን ሳልጨርስ ብታስሩኝ ፎቶዎቹ ተመልሰው ይሰቀላሉ ብዬ ፈራሁ።»

«የት ናቸው?»

«ለየባለቤቶቻቸው። በየቤቱ እየዞርኩ ከነፊልማቸው ሰጠሁ። የዳኛዋ እናት ዘንድ የደረስኩት እናንተ ዳኛዋን ከማነጋገራችሁ በፊት ነው፤ ለልጄ አትንገር ብላኛለች።»

«ለምን፣ ጋሼ?» አልኩት። «ሊሸልሙዎት እኮ ነበር!»

«ፎቶዎቹ ድሮ የተነሱት ገንዘብ የሚያግዙን የሩቅ ሰዎች ማስረጃ ስላሉ ነው። ሳሙና ሠሪው አልፈለገም ነበር። በመጨረሻ እሺ ሲል እኔን በእያንዳንዱ ሰው ፊት አስማለኝ፤ ከቤቱና ከእነዚያ ሰዎች ዓይን በቀር ማንም አያየውም ብዬ ማልኩ። ቀሚሷን የሸፈነችው ሴት ካሜራዬ ፊት የቆመችው መሐላዬን አምና ነው። ታዲያ በመሐላዬ ልሸለም?»

እሱ ወደ መሳቢያው ሄደና አንድ ፎቶ አውጥቶ አለቃዬ እጅ ላይ አኖረው።

«ይሄ ግን ለመስጠት አቃተኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሁሉንም ልወስድ የተነሳሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ይሄን ብቻ ባወጣ ምስጢሩ ይጠረጠር ነበር።»

አልጋ ላይ የተቀመጠች የከሳች ወጣት ሴት፣ ጭኗ ላይ ሕፃን። ከሥሩ ምን ተጽፎበት እንደተሰቀለ ፎቶ አንሺው ነገረን። «ዛሬ የት ይሆኑ?» የሚል ነበር። ዳይሬክተሩ ቅዳሜ ንግግሩን የሚያደርገው በዚያ ፎቶ ፊት ቆሞ፣ በጣቱ እያሳየ ነበር።

«ሕፃኑን አየኸው?» አለ ፎቶ አንሺው። «እናቱ ሳትውል ሳታድር ሞተች። አክስቱ ወስዳ አሳደገችው፤ ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስ የከፈለው ቤቱ ነው። አክስቱ አልነገረችውም፣ እኛም አልነገርነውም። በራሱ ችሎታ ተወዳድሮ ዳይሬክተር ሆኖ ሲመጣ፣ እኔና ጎብኚው ተያይተን ዝም አልን።»

አለቃዬ ፎቶውን አገላብጦ አየና ኮፍያውን አደረገ። «ከእኔ ጋር ይምጡ» አለው።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ስንገባ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ነገሩን ሲሰማ ደም ሥሩ ተገታተረ።

«ማን ፈቀደልዎት?» አለ ወደ ፎቶ አንሺው ዞሮ። «የቤቱን ንብረት ማን ፈቀደልዎት?»

«እርስዎስ ሲሰቅሏቸው ማን ፈቀደልዎት?»

ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «አልጠየቅንም» አለ። «መልካም ነገር ስለሆነ ሁሉም ሰው ደስ የሚለው መስሎኝ። ዳኛዋም ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም።»

«ክሱ የእርስዎ ነው» አለው አለቃዬ። «ከገፉበት ዘበኛውም እኚህም ሰው ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳሉ። ከመወሰንዎ በፊት ግን፣ ያልተመለሰ አንድ ፎቶ ቀርቷል።»

«ለምን ቀረ?»

«የፎቶው ባለቤት ሞታለች» አለ ፎቶ አንሺው።

«ዘመድ የላትም?»

«ልጅ አላት።»

«ታዲያ ለልጇ ይስጡት እንጂ! ምን ይጠብቃሉ? የእሱ አይደለም እንዴ?»

ፎቶ አንሺው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት።

«ይቺንማ አውቃታለሁ፣ መጨረሻ ላይ የሰቀልኳት…» አለና ቀና ብሎ አየን። ሦስታችንም እሱኑ እያየን ቆመናል። ፊት ለፊቱ ያለውን ሽማግሌ አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ፎቶውን አየ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሲለወጥ አየሁት፤ ማየት አልነበረብኝም እላለሁ።

«የእኔ እናት ፎቶ የላትም» አለ ቀስ ብሎ። «አክስቴን ስንት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። አንድም የላትም ነው ያለችኝ። መልኳን አላውቀውም።»

«ይሄ አንድ አላት» አለ ፎቶ አንሺው።

ዳይሬክተሩ ፎቶውን በሁለት እጁ አነሳው። «በገዛ እጄ ነው የሰቀልኳት። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። በየቀኑ አልፋት ነበር…» ድምፁ ተሰበረ። እንባውን ለመደበቅ አልሞከረም። «ለምን ካሜራውን አታይም?»

«አንተን እያየች ነበራ» አለው ፎቶ አንሺው፤ አንቱታውን ረስቶታል። «ቀና በዪ ብዬ ለመንኳት። ቆይ፣ ልጄ እየሳቀልኝ ነው አለችኝ።»

ዳይሬክተሩ ፎቶውን ሳይለቅ ወደ አለቃዬ ዞረ። «ዘበኛውን ፍቱልኝ። እባካችሁ አሁኑኑ ፍቱልኝ፤ የልጅ ልጁን ይይ።»

እኔ ላስፈታው ወጣሁ። በሩን ስዘጋ ያ ሱፍ የለበሰ ትልቅ ሰው፣ ወንበሩን ወደ ሽማግሌው እየሳበ፣ «ድምፅዋስ? ድምፅዋ ምን ዓይነት ነበር?» ሲል ሰማሁት።